እሑድ የማይነፋው ጡሩንባ

መጀመሪያ የታመመው ጎኔ ነው። ከቀኝ ጡቴ ሥር ተነስቶ እስከ አከርካሪዬ የዞረ ማቃጠል ያዘኝ። ያን ቀን የጥጥ ማባዘቻ ማሽን ፈትተን ስንጠግን ስለዋልን ትኩስ ዘይት ነክቶኝ ይሆናል ብዬ ናቅሁት። በሦስተኛው ቀን ውሃ የቋጠሩ ጉብታዎች ተደርድረው ወጡ፤ ሸሚዝ ሲነካኝ እጮህ ጀመር። የሰፈራችን ሰው ይህን በሽታ አልማዝ ባለጭራ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሰው እሱን ራሱን አልያዘውም መሰለኝ፤ ይዞት ቢሆን ኖሮ በጌጥ አይጠራውም ነበር።

ጤና ጣቢያ ስሄድ የሕክምና ስሙ ሄርፐስ ዞስተር መሆኑን ነግረው የሚቀባና የሚዋጥ ሰጡኝ፤ የደም ምርመራ እንዳደርግም መከሩኝ። የታመመው ቆዳዬ ነው፣ ደሜን ምን አገባው ብዬ ወጣሁ። ያልገባኝ መስዬ ነው እንጂ ገብቶኛል። በዚያ ጊዜ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ጎልማሳ በምን እንደሚጠረጠር አቃቂ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አውቄ ዝም በማለት አንድ ዓመት ያህል አጥፍቻለሁ። እናንተ እንዳታጠፉ ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

ስሜ ጌታነህ ነው። አቃቂ፣ በሰቃ የሚባል ሰፈር ያደግሁ፣ በክር ፋብሪካ የጥገና መካኒክ ሆኜ ከሃያ ዓመት በላይ በሦስት ፈረቃ የሠራሁ ሰው ነኝ። ሥራዬን እችላለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ማሽን ሊበላሽ ሲል ገና ከድምፁ አውቅ ነበር። የራሴን ግን አላዳመጥኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሳሁ። ምላሴ ነጭ ለበሰ። ምግብ አልወርድ አለኝ። ተቅማጡ ለሳምንታት አልቆም አለ። ቱታዬን በሲባጎ ማሰር ጀመርኩ። አርባ ስድስት ኪሎ ገባሁ። አንድ ጠዋት በመፍቻ አንዲት ብሎን ማላላት አቃተኝ። ተንበርክኬ ሞከርኩ። አልሆነም። ጓደኞቼ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ባለቤቴ አስካለ በሰቃ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። በዓመት በዓል ካልሆነ ጉሊቷን አትዘጋም። ያን ቀን ዘጋችና ቤት መጥታ፣ ተነስ አለችኝ። ክንዴን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ ሁለታችንም ደም ሰጠን። ውጤቱን አንድ ላይ ነገሩን። እኔ አለብኝ። እሷ የለባትም። አንገቴን ደፋሁ። ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። አስካለ ነጠላዋን አስተካከለችና ነርሷን፣ “ታዲያ መድኃኒቱን መቼ ይጀምራል?” አለቻት።

ከየት አመጣኸው የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከአስካለ በፊት የነበረኝ ኑሮ የመነኩሴ ኑሮ አልነበረም፤ ከዚያ ያለፈ አላውቅም። እሷ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ላመሰግናት ስሞክር ወሬ ታስቀይረኛለች።

ነፃው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ ጤና ጣቢያዎች መውረድ የጀመረበት ሰሞን ነበርና ዕድለኛ ነኝ። ሲዲ ፎር የሚባለውን፣ በሽታን የሚከላከሉትን የደም ሴሎች ብዛት ለክተው አርባ አንድ አሉኝ። ማነሱን ካየችኝ ሐኪም ፊት አወቅሁት። መድኃኒቱን ከመጀመሬ በፊት ሦስት ቀን አስተማሩን። ሦስት ዓይነት መድኃኒት፣ ዚዶቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ በአስራ ሁለት ሰዓት ልዩነት፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል ተባልን። ኔቪራፒኑን መጀመሪያ በግማሽ አስለመዱኝ፤ በኋላ ሦስቱም በአንድ ክኒን ተጠቃለው ተሰጡኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማቅለሽለሹና ድካሙ አልጋ ላይ አዋለኝ። አስካለ ትምህርቱን አብራኝ ስለተማረች ይህ ያልፋል አለችኝ፤ አለፈም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ በየቀኑ አንድ ነገር ይመለስልኝ ጀመር፤ መጀመሪያ የምግብ ጣዕም፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ከዚያ ደረጃ ሳላርፍ መውጣት፣ በአራተኛው ወር ደግሞ ያቺ አልላላም ያለችኝ ብሎን ያለችበት ማሽን ፊት ቆሜ በአንድ እጄ ፈትቻት ማንም ሳያየኝ ሳቅሁ። ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሆንኩ። ሲዲ ፎሬ ከመቶ አለፈ። ድኛለሁ አልኩ። ማንም ሰው እንደ እኔ መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ የለም ብዬም እኮራ ነበር። ጤና ጣቢያው በየወሩ የተረፈውን ክኒን ይቆጥራል፤ የእኔ አንድም ቀን አልጎደለም፣ አንድም ቀን አልተረፈም።

ዓመት ሞልቶ ስመረመር ሲዲ ፎሬ ወርዷል። ከሦስት ወር በኋላ ስመረመር ደግሞ ይበልጥ ወርዷል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር አታለባብስም።

“መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም” አለችኝ። “ወይ እርስዎ በትክክል አይወስዱትም፣ ወይ ቫይረሱ ተላምዶታል። ከተላመደው ወደ ሁለተኛ መስመር መድኃኒት እናሻግርዎታለን። ከዚያ ወዲያ ግን የምሰጥዎት የለኝም።”

አልሰማሁም አልልም። ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የለም። ቀጥሎ ንዴት መጣ። ቆጥራችሁ ሰጣችሁኝ፣ ቆጥራችሁ ተቀበላችሁኝ፣ ምን ቀረ ብዬ ጮህኩባት። አስካለ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ሐኪሟ አልተቀየመችኝም። መድኃኒቱን ከመለወጧ በፊት በኮሪደሩ መጨረሻ ያለችውን ዘሀራን እንዳናግር አዘዘችኝ፤ ሦስት ወርም ሰጠችኝ።

ዘሀራ ራሷ ከቫይረሱ ጋር የምትኖር፣ ሌሎችን በመድኃኒት አወሳሰድ እንድትደግፍ የተቀጠረች የወሎ ሴት ናት። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው። ክኒኖቼን አልቆጠረችም። ስንት ዋጡም አላለችኝም። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሬ፣ ከእንቅልፍ የተነሳሁበትን፣ የበላሁበትን፣ የዋጥሁበትን ሰዓት ሁሉ እንዳወራላት ጠየቀችኝ። ምን ዓይነት ወሬ ፈላጊ ናት ብዬ አጉረመረምኩና ጀመርኩ።

እዚህ ላይ የፋብሪካ ኑሮ ለማታውቁት ላስረዳ። ፈረቃችን ጠዋት ከአስራ ሁለት እስከ ስምንት፣ ከስምንት እስከ ማታ አራት፣ ከአራት እስከ ንጋት አስራ ሁለት ነው፤ በየሳምንቱ ይዞራል። ፈረቃ ሲለወጥ ጡሩንባ ይነፋል። እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩ በሙሉ በዚያ ጡሩንባ ነው የሚኖረው፤ ሰዓት ያሰረ መካኒክ ደግሞ ሰዓቱን ማሽን ይበላበታል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ውሰድ ስባል፣ እኔ የገባኝ ስገባና ስወጣ ነው። የመግቢያው ጡሩንባ ሲነፋ አንድ፣ የመውጫው ሲነፋ አንድ እውጣለሁ። የሌሊት ፈረቃ ገቢ ጠዋቱ የቱ ነው? ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ይህን ሁሉ ለዘሀራ አወራሁላት። እየሰማች በወረቀት ላይ መስመር ታሰምራለች።

“እሑድስ?” አለችኝ።

“እሑድማ ፋብሪካው ያርፋል። ጡሩንባ የለም። የእሑዱን ሰኞ አካክሰዋለሁ።”

“እንዴት አድርገው?”

“ሰኞ ስገባ ሁለት፣ ስወጣ ሁለት።”

እርሳሷን አስቀመጠች። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። እኛ ፋብሪካ የጎደለን ሥራ በሌላ ቀን ማካካስ የተለመደ ነው፤ ያጎደልነውን ሰዓት በማካካሻ ሞልተን ከሕሊናችንም ከአለቃም እንታረቃለን። በዚያ ሒሳብ የእኔ ክኒን ሙሉ ነበር። ዘሀራ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ከጠዋት ፈረቃ ወደ ከሰዓት በኋላው በምዞርበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከዋጥኩ በኋላ እስከ ሰኞ ስምንት ሰዓት ምንም የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ባዶ ነው።

“ጋሽ ጌታነህ፣ ቫይረሱ የፋብሪካ ሠራተኛ አይደለም፤ እሑድ አያርፍም” አለችኝ። ቀጥላ ሥራዬን ጠየቀችኝና፣ አንድን ኩሽኔታ፣ የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበትን ቀለበት፣ ሁለት ቀን ግራሶ ሳልቀባው አሽከርክሬ በሦስተኛው ቀን እጥፍ ግራሶ ብሰጠው ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ይቃጠላል አልኳት። የኋላው ግራሶ የተቃጠለውን ይመልሳል ወይ ስትለኝ አይመልስም አልኳት። ሃያ ዓመት ለማሽን ያደረግሁትን ጥንቃቄ ለራሴ አላደረግሁትም። አፈርኩ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ፈራሁ። ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሲቀንስ ቫይረሱ እንደሚራባ፣ በትንሽ መድኃኒት እየራሰ ሲራባም መላመድ እንደሚጀምር ያን ቀን በትክክል ገባኝ። ያለፈን መጠን ደርቦ መዋጥ ጉዳት እንጂ ማካካሻ እንዳልሆነም ነገረችኝ።

“አብሽሩ ጋሼ፣ ገና አልረፈደ ይሆናል” ብላ ሸኘችኝ። ይሆናል ያለችው ቃል እስከ በሰቃ ድረስ አብራኝ ሄደች።

ከመለያየታችን በፊት ከዘሀራ ጋር ሦስቱን ፈረቃ ደርድረን ለሁሉም የሚሆን ሰዓት ፈልገን ነበር። ንጋት አስራ ሁለትና ማታ አስራ ሁለት ሆነ። ፋብሪካው ነፋም አልነፋም፣ ተኛሁም ነቃሁም። አስካለ ሞባይል ገዛችና ደወሉን ሞላችልኝ፤ እሷም በጉሊቷ ላይ ሆና በልቧ ትቆጥራለች። አንድ ችግር ብቻ ቀረ። በየሦስት ሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ ስገባ፣ የማታው አስራ ሁለት ፋብሪካ ውስጥ ያገኘኛል። ያውም በእራት እረፍታችን ላይ።

እራት ላይ ምሳ ዕቃዎቻችንን ከፍተን አንድ ትልቅ ሳህን ላይ ገልብጠን ነው የምንበላው። የአንዱ ሽሮ ከሌላው ምስር ጋር ይቀላቀላል። ከዓመታት በፊት ክር ከሚጠቀለልበት ከማዳወሪያ ክፍል አንዲት ሴት ከስታ ሲወራባት፣ የፈረቃችን ኃላፊ ሽፈራው ለብቻዋ እንድትበላ በዘዴ ሳህን አስለይቶባት ነበር። ኩባያዋንም ለዩት። ጥቂት ቀን ለብቻዋ በላች። ከዚያ መምጣት አቆመች። እኔ እዚያው ነበርኩ። አፌን ሞልቼ እበላ ነበር እንጂ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ይህንን የጻፍኩት ዛሬም ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ስለዚህ ተደበቅሁ። ደወሉ ሲነዝረኝ ከጥጥ ክምር ጀርባ ሄጄ ያለ ውሃ እውጣለሁ። አንድ ማታ የሰው ኮቴ ስሰማ ደንግጬ ክኒኑ ከእጄ ወደቀና ጥጥ ውስጥ ገባ። ተንበርክኬ በእጄ ዳበስኩ። ጥጡም ነጭ፣ ክኒኑም ነጭ። አላገኘሁትም። ሕይወቴን ጥጥ ውስጥ ስፈልግ አለቀስኩ። ለዘሀራ ስነግራት፣ እዚያ ፋብሪካ ቢያንስ ለአንድ ሰው መንገር አለብዎት አለችኝ። ለማን ብዬ ጠየቅኋት። እሱን እርስዎ ያውቃሉ አለች። አላውቅም ነበር።

ሦስቱ ወር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ በገባሁበት ሳምንት፣ የአንድ ማባዘቻ ኩሽኔታ ተሰበረና ከባዱ ዘንግ ከቦታው ወጣ። እኔ ረጅሙን የብረት ፓሎ ከዘንጉ ሥር አስገብቼ በትከሻዬና በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩ፤ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ከሥር ተኝቶ አዲሱን ኩሽኔታ ይገጥማል። ፓሎውን ብለቅ እጁ ይቀጠቀጣል። ሽፈራው አጠገቤ ቆሞ የእጅ መብራት ይዟል። እዚያ ሳለን የደረት ኪሴ ውስጥ ስልኩ ነዘረኝ። አስራ ሁለት ሰዓት።

ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ አልሞትም ነበር፤ ዘሀራም ነግራኛለች። ግን ሥራው ቶሎ እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ ደግሞም የዛሬው ሰበብ ነገ ሌላ ሰበብ እንደሚወልድ ከራሴ ተምሬአለሁ። ሽፈራው ስልክህ ይነዝራል፣ ላውጣልህ ወይ አለኝ።

“ስልኩን ተወው” አልኩት። “ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ክኒን አለ። አውጥተህ አጉርሰኝ።”

“የምን ክኒን ነው?”

ሌሎቹ ማሽኖች ይሠራሉ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ምስጢር በሹክሹክታ አይነገርም። ስለዚህ ባለኝ ድምፅ ተናገርኩት።

“የኤች አይ ቪ! ሰዓቱ አሁን ነው።”

ከሥር የተኛው ሰው እጁ ቆመ። በቅርብ የነበሩት ሁለት ሴቶች ዞሩ። ሽፈራው ፊቴን አየኝ። እኔ ፓሎውን ይዣለሁ፤ መሸሻ የለኝም። ላቡ ዐይኔ ውስጥ ይገባል፤ መጥረግ አልችልም።

ሽፈራው መብራቱን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ። ጣቶቹን በጥጥ ብጣሽ ጠረገ። ከኪሴ ላስቲኩን አወጣ፣ ፈታው፣ ክኒኑን በሁለት ጣቱ ይዞ አጎረሰኝ። ጣቱ ምላሴን ነካው። ቀጥሎ ከወገቡ የራሱን ኮዳ ፈትቶ አፌ ላይ ደገነልኝ። ጠጣሁ፤ ዋጥሁ። ከዚያ ክዳኑን ሳይገጥም፣ አፉን ሳይጠርግ፣ እሱም ከዚያው ኮዳ ጠጣና መብራቱን አነሳ።

“በል ግጠም እንጂ፣ ሰውየው ደከመው እኮ” አለው ከሥር የተኛውን።

እራት የበላነው ዘግይተን ነው። ሳህኑ ያው ሳህን ነበር። ሽፈራው ግን ብዙ አልበላም። ስንወጣ ከበሩ ላይ ጠብቆ የዚያችን የማዳወሪያ ክፍል ሴት ስም ጠራልኝ። “እሷንስ?” አለኝ። ሁለታችንም የሠራተኛ አውቶቡሱ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆምን።

ከዚያ ቀን በኋላ የከሰዓት ፈረቃ ላይ ስሆን ማታ አስራ ሁለት ሲል ስልኬን የሚቀድሙኝ ሰዎች አገኘሁ። አንዷ ውሃ ታቀብለኛለች፣ ሌላው በሩቁ የእጅ ሰዓቱን ያሳየኛል፣ ሽፈራው ደግሞ የማሽን ችግር ሊያወራኝ የመጣ መስሎ ኪሴን በዐይኑ ይፈትሻል። በሦስተኛው ወር ተመረመርኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሲዲ ፎሬ ወጥቷል። መድኃኒቴ አልተለወጠም። በስድስተኛው ወር ከሁለት መቶ አለፈ፣ ከዚያም እየጨመረ ሄዶ ዛሬ አራት መቶ ስልሳ ደርሷል፤ አስካለ በየጊዜው ትመረመራለች፣ አሁንም ነፃ ናት፤ እኔ ስልሳ ስድስት ኪሎ ስለገባሁ የድሮ ቱታዬን ወገብ አስፍታልኛለች፤ ባለፈው ክረምት የቤታችንን ጣሪያ ቆርቆሮ ብቻዬን ስለውጥ ጎረቤት ሁሉ ውረድ፣ ትወድቃለህ እያለ ሲጮህ እሷ ብቻ ከሥር ሆና ምስማር ታቀብለኝ ነበር።

ለእናንተ አሁን መድኃኒት ለምትጀምሩት የምለው ይህ ነው። የእናንተ መድኃኒት ከእኔ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሰዓቱ የሚነግራችሁን ባለሙያ ውሎና አዳራችሁን ነግራችሁ ጠይቁ። ሹፌር ከሆናችሁ ሹፌርነታችሁን፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ፈረቃችሁን፣ የምትጾሙ ከሆነ ጾማችሁን አትደብቁ። የክኒን ቁጥር ሙሉ መሆን አይበቃም። የረሳችሁትን አትደርቡ፤ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ደኅና ነኝ ብላችሁ አታቁሙ፤ ደኅና ያደረጋችሁ እሱ ነው። ደግሞ የሚያውቅላችሁ አንድ ሰው ይኑራችሁ። እኔ በጣም የፈራሁት ሰው ነው ያጎረሰኝ፤ የእናንተ ሌላ ይሆናል። ለምታስታምሙ ደግሞ፣ ዋጥክ ወይ ብቻ አትበሉ። እንደ ዘሀራ ቁጭ ብላችሁ ከቅዳሜ ጀምሮ አስወሩት።

ዘሀራን፣ ያቺን ነገር የማታለባብስ ሐኪም፣ ሽፈራውንና አስካለን አመሰግናለሁ። ሳህን የለየንባትን ሴት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የት እንዳለች ብናፈላልግም አላገኘናትም።

ይህን የምጽፈው በሰቃ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ጠዋት ነው፤ እሑድ። ፋብሪካው ጸጥ ብሏል፣ ጡሩንባም አልተነፋም። እኔ ግን ክኒኔን በአስራ ሁለት ሰዓት ውጫለሁ።